ሳጥኑ እስኪመረጥ

መስከረም 6

ልጄ ሽቦ፣

የእኔና የእናትሽ ሰላምታ ይድረስሽ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና "ሁለቱንም ጉንጯን ሳምኳት ብለህ ጻፍ" ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ። ሌላም ብዙ ብላለች፤ እሱን ራሷ ትንገርሽ።

የሚቋረጠው የውጭው መስመር ነው ወይስ ቤት ያለው ሳጥን ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ሳጥኑ ነው። በግምት የተናገርኩ እንዳይመስልሽ። ሦስት ቀን ሙሉ እርሳስና ወረቀት ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ መዝግቤያለሁ። ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሳል፤ በቀን ከአራት እስከ ሰባት ጊዜ። ከእናትሽ ጋር በታብሌቱ ስታወሩ ፊትሽ ስክሪኑ ላይ ደርቆ የሚቀረው ያኔ ነው። እሷ ታዲያ ተቋረጠ አትልም፤ "ሥራ በዝቶባት ነው ዝም ያለችው" ብላ ስክሪኑን አቅፋ ትጠብቃለች። የትንፋሽ ማሽኗም ቁጥሯን ለክሊኒኩ የሚልከው በዚሁ ሳጥን በኩል ነው። መስመር ሲያጣ ይጮኻል፤ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ የነበረቻትም ትንፋሽ ታጥራለች።

ሳጥኑን ወደሰጠን ድርጅት ሄጄ ነበር። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ሌላ እንቀይርልዎ አለና ያንኑ ዓይነት ሰጠኝ፤ ቀለሙ ብቻ ነጣ ብሏል። ስለዚህ የራሳችንን ራውተር እንሠራለን። ተከፍቶ የማይታይ ዕቃ ቤቴ ውስጥ መግባቱ ድሮም አይዋጥልኝም። አክስትሽ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት የተጣለ የቢሮ ኮምፒውተር አለ፤ ይነሳል፣ አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረኝ። መዳፍ የምታክል ባዶ የኮምፒውተር ሰሌዳም ገበያ ላይ አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ ማራገቢያ የሌላት የብረት ሳጥን አለች ብለሽኝ ነበር። የትኛውን ልያዝ? ሶፍትዌሩስ?

በስልክ ብንጨርሰው ይቀል ነበር። ግን አርባ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ክፍል ማዳመጫ ሰክቶ የዋለ ጆሮ ስልክ ላይ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ሁለቴ ይነበባል።

ወረቀትሽስ? የመኖሪያ ፈቃድሽ ሳይታደስ ከዚያ ብትወጪ ተመልሰሽ እንደማትገቢ ለእናትሽ አስረድቻታለሁ። ገብቷታል፤ ግን በየጧቱ ትጠይቀኛለች። ሐኪሙ ከሁለት ሦስት ወር በላይ አትቁጠሩ ያለውን ባለፈው ጽፌልሻለሁ፤ አልደግመውም።

አባትሽ

መስከረም 15

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ስለሆነ ውጭ ያለውን ወቅት የማውቀው ሰዎች በለበሱት ነው። እኔ ሁልጊዜ ካፖርት ነኝ።

እርስዎ መቼም የተጣለ ዕቃ ሳያነሱ የሚያልፉበት መንገድ የለም። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ አልክድም፤ ሁለት ኔትወርክ ካርድ ከገባለት፣ አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ቤት፣ ራውተር ይሆናል። ግን ማራገቢያው ሲዞር ይውላል፣ ሲዞርም ያድራል። እማዬ ከማሽኗ ድምፅ ሌላ ሁለተኛ ድምፅ አትፈልግም። መዳፍ የምታክለው ሰሌዳ ደግሞ የኬብል ቀዳዳዋ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን በመቀጠያ ነው የሚያደርጉት። ሶፍትዌሩም የሚጫነው ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ካርዱ የመበላሸት ዕድል አለው። እናንተ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

የኔ ምርጫ የብረት ሳጥኗ ናት። አራት ቀዳዳ አላት፣ ማራገቢያ የላትም፣ ሙቀቱን በገላዋ ነው የምታወጣው። ራም አራት ጊጋ ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ቢጨምሩባት ተኝቶ ነው የሚውለው። ዋይፋዩን ከሷ አይጠብቁ፤ ለዋይፋይ ለብቻው አንድ ማሰራጫ እንሰቅላለን፤ የእማዬ አልጋ የት እንዳለ ይጻፉልኝ። ሁሉን ሥራ አንድ ሳጥን ላይ መጫን ነው ያሁኑን ያሞቀው።

ሶፍትዌሩን ስንደርስ እነግርዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ወረፋ የሚያስይዝ መሆን አለበት። አክስቴ ያንን ማለቂያ የሌለው ድራማዋን ስትከፍት መስመሩን ጠቅላላ ትይዘዋለች፤ ራውተሩ ግን የእማዬን ጥሪና የማሽኑን ቁጥር አስቀድሞ የእሷን ድራማ ወደ ኋላ ማሰለፍ ይችላል። ይህን ለአክስቴ አያንብቡላት።

ፈቃዴ ገና ነው። ሰኞ ሄጄ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ስሜን እንኳ ሳታይ በሂደት ላይ ነው አለችኝ።

ልጅዎ ሽቦ

መስከረም 22

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አክስትሽም እዚያው ነበረች። የድራማውን ነገር እንዳትሰማ ለመዝለል ስሞክር "ምን ዘለልክ?" አለችኝ። አንብቤላታለሁ። ተቀይማሻለች፤ ግን እየሳቀች።

ወረፋውን ወድጄዋለሁ። እኛ ማዞሪያ ቤት የሐኪምና የእሳት አደጋ ጥሪ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ አቁመን እሱን እናሳልፍ ነበር። ያኔ በእጅ ነበር፣ በገመድና በሶኬት። አሁን በሶፍትዌር ይሁን፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እናትሽ "ታዲያ እኔ እሳት አደጋ ነኝ ወይስ ሐኪም?" አለችኝ።

የእናትሽ አልጋ የት ነው ብለሽ ጠይቀሻል፤ ለዋይፋዩ ማሰራጫ ብለሽ መሆኑ ነው። ሳሎን አውጥተናታል። ጓዳ ሆና ታብሌቱ ቶሎ ቶሎ ይደበዝዝባት ስለነበር ከሳጥኑ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር አድርገናታል። አልጋው ግድግዳውን ስለያዘው አዲሱ ኬብል በአልጋው ዙሪያ ታጥፎ ነው የሚሄደው። አይደላኝም፤ የታጠፈ ኬብል ድሮም ጠላቴ ነው። ግን እሷን ከመስኮቱ አላስነሳም።

ባለፈው ሳምንት አልተሻላትም። መብላት ቀንሳለች። ማሽኑ፣ መብራት ሲሄድም በባትሪው እየሠራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፣ አሁን ደግሞ አክስትሽ መጠኑን ከፍ አድርጋዋለች። ስለምትመጪበት ቀን በየጧቱ የምትጠይቀኝን በመጠኑም ቢሆን የምመልስላት ነገር ስጪኝ። የብረት ሳጥኗን እዚህ አላገኘኋትም፤ ከዚያ ብትልኪያት።

አባትሽ

መስከረም 30

ውድ አባባ፣

ሳጥኗን ዛሬ ልኬያለሁ። ሳትደርስ ደብዳቤው ይቀድማታል። ከውስጧ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ መብራት ሲሄድ ቶሎ የማይበላሸውን ማስቀመጫ አድርጌላታለሁ፤ ሚሞሪ ካርድ የለባትም። ቀዳዳዎቹ ላይ በፕላስተር ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ፤ አንድ ቁጥር ወደ ውጭ፣ ሁለት ቁጥር ወደ ቤት። ሦስትና አራትን አይንኳቸው። እንደሚነኳቸው አውቃለሁ።

ስለ ወረቀቴ ለጠየቁኝ፣ የመንግሥት ቢሮ ያው ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ለእማዬ ይህን ይንገሯት። መጀመሪያ መስመሩ ይስተካከል፤ ከዚያ ፊት ለፊት እንደተቀመጥን ሆነን እናወራለን፣ ሳይቆራረጥ፣ እስክትጠግበኝ ድረስ። ስለዚህ እባክዎ ሳጥኗን ቶሎ ይግጠሟት። ሌላውን ሁሉ ትተው እሷን ያስቀድሙ።

ብዙ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ፈረቃዬ ደርሷል።

ልጅዎ

ጥቅምት 16

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቤቱ ሰው በዝቶበት ሰነበተ።

ሳጥኗ ደርሳለች። ደርሳለች ወይ ብለሽ በሁለት ደብዳቤ ጠይቀሽኛል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የደረሱኝ። ከፍቼ አይቻታለሁ፣ ንጹሕ ሥራ ናት። ግን ጥያቄ አለኝ። ገላዋ ይሞቃል። አንድ ሰዓት አብርቼ እጄን ባስቀምጥባት ማቆየት አልቻልኩም። ከሙቀት ሸሽተን ወደ ሙቀት ከሄድን ምን ሠራን? የፓወር ሰፕላይዋም ጥራት አላሳመነኝም። ስለዚህ የቢሮውን ኮምፒውተር እንደገና እያየሁት ነው። ማራገቢያው ድምፅ ያሰማል ላልሽው፣ ድምፁ አሁን ያን ያህል አያሳስብም። ሁለት ኔትወርክ ካርድ ላገኝለት እችላለሁ። አንደኛው የታወቀ ድርጅት ሥራ ነው፣ ሁለተኛው ስሙ ያልታወቀ። ስሙ ያልታወቀው ከየትኛው ሶፍትዌር ጋር እንደሚስማማ ብትጽፊልኝ።

ኬብሉን ዘርግቻለሁ። በሳሎኑ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚያጥፈው ነገር የለም።

አሮጌውን ሳጥን ጥቅምት 10 ነቅዬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በታብሌቱ ብትደውዪ ስለዚህ ነው የማይነሳው። አክስትሽ ስልክ ማንሳት ትታለች፤ ለምን እንደሆነ እሷ ትንገርሽ።

አትቸኩዪ። ራውተር ማለት የቤት በር ነው፤ በር ደግሞ በጥድፊያ አይሰቀልም።

አባትሽ

ጥቅምት 25

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ?

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። የብረት ሳጥኗ የምትሞቀው እንድትሞቅ ሆና ስለተሠራች ነው። ሙቀቱ ገላዋ ላይ ወጣ ማለት ውስጧ አልቀረም ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አለብኝ? ሙቀት ማስወጣትን ያስተማሩኝ እርስዎ፣ በልጅነቴ የሬዲዮ ጀርባ አስከፍተው!

ስሙ ያልታወቀውን ካርድ ይጣሉት። ለሙሉ ኮምፒውተር የተሠራው ሶፍትዌር በደንብ አይቀበለውም፤ ይነሳል፣ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ሳይናገር ይወድቃል። ለትንንሽ ሰሌዳ የተሠራው ሶፍትዌር ምናልባት ይታገሠዋል። ግን ለምን እዚያ እንገባለን? በብረት ሳጥኗ ላይ ለትንንሽ የተሠራውን ይጫኑ። ቀላል ነው፣ ወረፋ ማስያዙ አብሮት ይመጣል፣ ሲሳሳቱም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፋየርዎሉን እንዳለ ይተዉት፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ይዘጋል፣ ከቤት የሚወጣውን ያሳልፋል። ከሰዓት በኋላ ጀምረው እስከ ማታ ይጨርሱታል። መመሪያውን በሁለት ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ።

አሁን የኔ ጥያቄ። አሮጌውን ሳጥን ከነቀሉት የእማዬ ማሽን ቁጥሩን በምን ይልካል? ክሊኒኩ በምን ያያታል? ባለፈው ደብዳቤዎ ገጽ ሙሉ ስለ ካርድና ስለ ፓወር ሰፕላይ ጽፈው ስለ እማዬ አንድ መስመር የለም። ሄዳ ሄዳ አክስቴም ዝም አለችኝ። ፊልሟን ስለነካሁባት ከሆነ ይቅርታ ብላለች ይበሏት።

ልጅዎ

ኅዳር 5

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መናደድሽ ልክ ነው።

ስለ ማሽኑ ለጠየቅሽው፣ ክሊኒኩ በመስመር መከታተሉን አቁሟል። ስለ እናትሽ የጠየቅሽውን ይህ ሥራ ካለቀ በኋላ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አክስትሽ ፊልም ካየች ቆይታለች፤ አልተቀየመችሽም።

ስለ ሶፍትዌሩ። መመሪያሽን ተከትዬ ለትንንሽ የተሠራውን ጫንኩት፤ ሠራ። ከዚያ አጥፍቼ ሌላውን ጫንኩት፤ እሱም ሠራ። የመጀመሪያው ሜኑው ደረቅ ነው፣ ግን እያንዳንዱን ቅንብር በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ይህን እወዳለሁ፤ ከፍቼ አነበዋለሁ። ሁለተኛው በሥዕልና በግራፍ የተሞላ ነው፤ ስንት ዳታ እንደገባና እንደወጣ በቀለም ያሳያል። እኔ ደግሞ መዝገብ የሚይዝ ነገር ደስ ይለኛል። ስለዚህ ሁለቱንም አሥር አሥር ቀን ብፈትሻቸው ብዬ አስቤያለሁ። አንደኛው በሰባተኛው ቀን የሚወድቅ ከሆነ በሦስተኛው ቀን እንዴት አውቃለሁ?

አክስትሽ "አንተ ሰው፣ ይብቃህ" ትለኛለች። ምርጫ በአንድ ቀን አይሆንም እላታለሁ። ትታኝ ትወጣለች። ቀን ቀን ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ የብረት ሳጥኗንና የቢሮውን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አንዱን ሳበራ አንዱን ሳጠፋ እውላለሁ። ሥራ መያዝ ደግ ነው።

ወረቀትሽ እንዴት ሆነ? ይህን መልሺልኝ። ካለቀልሽ በዚያው ቀን ጻፊልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪው።

አባትሽ

ኅዳር 20

ልጄ፣

ኅዳር 12 የጻፍሽው ደርሶኛል። ስለ ወረቀትሽ አልመለስሽልኝም።

እንዳልሽው አሮጌውን ሳጥን ትናንት ለአንድ ሰዓት ሰክቼ፣ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ገልብጬልሻለሁ። ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ለመስጠት እንደምትፈልጊው ገብቶኛል። ሳጥኑ እያንዳንዱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየበትን ቀንና ሰዓትም ስለሚያሳይ እሱንም ጽፌዋለሁ። ሰዓቱን ወደኛ አቆጣጠር መልሼዋለሁ።

የእኔ ስልክ። ኅዳር 19፣ ከቀኑ 9፡10።
የአክስትሽ ስልክ። ኅዳር 19፣ ከቀኑ 9፡12።
ቴሌቪዥን። ኅዳር 19፣ ከቀኑ 9፡12።
ታብሌት። ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 11፡40።
የትንፋሽ ማሽን። ጥቅምት 9፣ ከጧቱ 4፡25።

ሌላ የለም። ያየሁት ይህ ነው።

አባትሽ

ኅዳር 28

አባባ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም።

ዝርዝሩን ትናንት ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። የማሽኑን ቁጥር ልመዘግብ ፈልጌ ቀኑን አየሁት። መጀመሪያ ሳጥኑን በነቀሉበት ጊዜ የቆመ መስሎኝ ነበር። ግን ሳጥኑን የነቀሉት ጥቅምት 10 ነው፤ ጽፈውልኛል። ማሽኑ የጠፋው ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነው። ክሊኒኩ መከታተል ቢያቆም እንኳ ማሽኑ እስከበራ ድረስ ሳጥኑን መፈለጉን አያቆምም። ኅዳር 19 ሳጥኑ ሲሰካ ስልኮቹ ተመለሱ፣ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፣ ማሽኑ አልተመለሰም። ሁለት ዓመት አንድ ሰዓት ጠፍቶ የማያውቅ ማሽን።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ከጥቅምት 16 ጀምሮ ሰላምታው የእርስዎ ብቻ ነው። ቤቱ ሰው በዝቶበት ሰነበተ ብለዋል። የማራገቢያው ድምፅ አያሳስብም ብለዋል። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የሚያጥፈው የለም ብለዋል፤ ያጥፈው የነበረው አልጋዋ ነበር። አንድም ቦታ ውሸት አልጻፉም። ሁሉን ጽፈውልኝ ኖሯል፣ እናቴ ሞተች ከሚለው በቀር።

አርባ ስምንት ቀን። አርባ ስምንት ቀን ሙሉ ስለ ካርድና ስለ ራም ሲያስጽፉኝ ከረሙ። የሞተች እናቴን ከአክስቴ ድራማ ላስቀድም ወረፋ ሳስይዝላት ነበር። ሰው እንዴት ይህን በልጁ ላይ ያደርጋል? ማልቀሻዬን ነው የወሰዱብኝ። ሰው ሁሉ አልቅሶላት ወደየቤቱ ሲመለስ እኔ እዚህ ካፖርቴን ለብሼ የፓወር ሰፕላይ ጥራት እመረምር ነበር።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ላቆም ፈልጌ ነበር። ተናድጄ ብቻ ብልከው ይቀለኝ ነበር። ግን እርስዎ ያንን መስመር ሳይዘሉ ገልብጠው ከላኩልኝ እኔም የኔን መስመር መዝለል አልችልም።

ፈቃዴ ታትሞ የተሰጠኝ መስከረም 28 ነው።

መስከረም 30 ያንን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የመንግሥት ቢሮ ያው ነው ያልኩት እያየሁት ነው። በአንድ ቀን እደርስ ነበር። ሥራዬም ፈቃድ ይሰጠኝ ነበር፤ ጠይቄ ተከልክዬ አይደለም፣ አልጠየቅሁም።

ለምን ይሉኛል። ፈራኋት፣ አባባ። እማዬን ፈራኋት። መስከረም ላይ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ሆኖ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ሳያት፣ ስክሪኑን በእጄ ከፊል ሸፍኜ ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው። መስመሩ ሲቋረጥ እናደዳለሁ እል ነበር፤ እውነቱ ግን ይቀለኝ ነበር። እዚያ ብመጣ የምሸፍነው ነገር የለም። እጇን መያዝ አለብኝ፣ ስታጣጥር መስማት አለብኝ። ስለዚህ ራውተሩ ይሠራ፣ በጥሩ መስመር አያታለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ እያልኩ ለራሴ ቀጠሮ እሰጥ ነበር። ጥቅምት 8 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በታብሌቱ ስትደውሉ ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አላነሳሁትም።

እርስዎ ሞቷን ደበቁኝ፤ እኔ መንገዴን ደበቅኋችሁ። የእርስዎ ይሻላል። የእርስዎ ለኔ ተብሎ ነው፤ የኔ ግን ለማንም አልነበረም።

የሚሉኝን አላውቅም። ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ሽቦ

ታኅሣሥ 8

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን አቆይቼ ነው የምመልሰው። ምንም አይደለም ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። ምንም አይደለም ብል የማላምንበትን መጻፍ ይሆናል። ተቆጥቻለሁ። መቼ እንደሚበርድልኝ አላውቅም።

ያን ዝርዝር ስገለብጥ አክስትሽ አጠገቤ ነበረች፤ የመጨረሻውን መስመር ተወው ብላ እጄን ያዘችኝ። አርባ ዓመት የብልሽት መዝገብ ስጽፍ አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም፤ አዛውንት ሆኜ አልጀመርኩትም። ምናልባትም ደክሞኝ ነበር። ሳጥን መምረጡ አልቆብኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምጠይቅሽ ጥያቄ አልነበረኝም።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ጠይቀሻል። እሷ ናት። ጥቅምት 5 ሐኪሙ መጥቶ ከሄደ በኋላ ጠርታኝ "ወረቀቷ እስኪያልቅላት እንዳትነግራት፤ ጥላው ትመጣና ሁለተኛ አያስገቧትም፤ እኔ ሞቼ እሷንም ሥራ እንዳላሳጣት" አለችኝ። ማል አለችኝ፣ ማልኩላት። ደጋግሜ ወረቀትሽ እንዴት ሆነ የምልሽ ለዚህ ነበር። አለቀልኝ ብትዪኝ በዚያው ቀን ልጽፍልሽ ተዘጋጅቼ ነበር የምጠብቅሽ። አንቺ አላልሽኝም፣ እኔም ሳጥን መምረጤን ቀጠልኩ።

እንዴት እንደሞተች ስትመጪ እነግርሻለሁ። አልተሠቃየችም አልልሽም። ከአንድ ነገር በቀር ሌላውን በደብዳቤ አልጽፈውም።

መስከረም 30 የጻፍሽው ጥቅምት 8 ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰኝ። አነበብኩላት። እስክትጠግበኝ ድረስ የሚለው ላይ ስደርስ ደግመህ አንብብ አለችኝ። ከዚያ ደውልላት አለች፤ ደወልን። ሳይነሳ ሲቀር ሥራ ላይ ናት አልኳት።

በማግስቱ ጧት፣ ድምፅዋ ሊጠፋ ሲል፣ "ወረቀቷ መጣ?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት።

"እንግዲህ የወረቀት ነገር ነው። እሷማ ብትችል ትመጣ ነበር" አለች። ቅር ያላት አትመስልም ነበር። ይህን ካለች በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ያን ጧት የማውቀውን ነው የነገርኳት። ለእናትሽ ዋሽቼ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓትም የምዋሽበት አንጀት አልነበረኝም። ወረቀትሽ መውጣቱን ጽፈሽልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ወጥቷል፣ ግን አልመጣችም እላት ነበር። እሷም ያን ይዛ ትሄድ ነበር።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ቁጣዬን ሳልተው፣ ስላልጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ።

አባትሽ